አንድ ሰፌድ በአምስት ሰው ኮድ፦ የሐረርን ስፌት በኮምፒውተር አብሮ መሥራት

የሐረር ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሰፌድ ቀርቦ ያየ ሰው ውበቱ ከቆጠራ እንደሚመጣ ያውቃል። ሣሩ ይዞራል፣ በቀለም የተነከረው አለላ እየተቆጠረ ይገባበታል፤ ቆጠራው ከተሳተ ጌጡ መገናኛው ላይ ይቆረጣል። አምስት ሰዎች በፒ5 ጄኤስ (p5.js፣ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ሥዕል ለመሣል የሚያገለግል የኮድ ስብስብ) አንድ ሰፌድ ሲሠሩም ሕጉ ይኸው ነው፦ ቆጠራው የጋራ፣ የቀረው የየራስ።

ኮድ ሳትጀምሩ ወረቀት ላይ ተስማሙ። ሸራው 1080 በ1080 ፒክስል ነው። መሐሉ ላይ 30 ፒክስል ራዲየስ ያለው ክብ ለማንም ሳይሰጥ ይቀመጣል። ከዚያ ወደ ውጭ ለእያንዳንዱ ሰው 100 ፒክስል ወርድ፣ በወርዱ ውስጥ 10 ፒክስል ውፍረት ያላቸው 10 ዙሮች፣ በዙሩ ውስጥ 120 ስፌቶች። 120 የተመረጠው ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6 እና ለ8 እኩል ስለሚካፈል ነው። በየ7 ስፌቱ የሚደገም ጌጥ ያወጣ ሰው አንድ ስፌት ይተርፈዋል፣ እሷም ከሩቅ ትታያለች።

እውነተኛ ስፌት ዙሩ ሲያልቅ አይዘጋም፤ በራሱ ላይ እየወጣ ይቀጥላል። ስለዚህ የየስፌቱን ራዲየስ ከቀዳሚው በ10 ፒክስል 120ኛ እጅ አስበልጡ። ሁሉም ሰው ከዜሮ ማዕዘን፣ ማለትም ከሰዓቱ 3 ቁጥር ቦታ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይዙር። ያን ጊዜ የአንዱ ወርድ ያለቀበት ነጥብ የሚቀጥለው መነሻ ይሆናል። የመጨረሻው ዙር 10 ፒክስል ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ 30 እና 500 ተደምሮ የቀረው 10 ፒክስል ለእሱ ነው። አንዱ ጠመዝማዛውን ትቶ ዝግ ቀለበት ከሠራ ድንበሩ ላይ ስንጥቅ ይወጣል።

የውስጠኛው ወርድ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚያ መነሻው ላይ አንድ ስፌት ከ2 ፒክስል ያነሰ ስለሆነ ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙም ይደባለቃል። ያ ሰው በዙር 30 ስፌት ብቻ ይሥራ (የራዲየሱ ጭማሪም ያን ጊዜ የ10 ፒክስል 30ኛ እጅ ይሆናል)፤ ከ6 ፒክስል በላይ ያገኛል። ጫፍ ላይ ያለው ግን ለአንድ ስፌት 28 ፒክስል ያህል ስላለው በውስጡ ደቃቅ ጌጥ ማስገባት ይችላል።

አብሮ መሥራቱ የሚታየው በቅብብሉ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ፈንክሽን (በስም የሚጠራ የኮድ ክፍል) ሲጨርስ የመጨረሻ ዙሩን ቀለሞች የያዘ የ120 ቁጥሮች ዝርዝር ይመልሳል፤ ጎረቤቱም ያንን ተቀብሎ ከእሱ ይነሣል። ሊያስፋፋው፣ ሊሰብረው፣ ሊገለብጠው ይችላል፣ ግን ሳያየው አያልፍም። በ30 የሠራው እያንዳንዱን ቁጥር 4 ጊዜ ደግሞ 120 ያደርሰዋል። ቀለሞቹ ከ0 እስከ 5 የተቆጠሩ ስድስት ብቻ ይሁኑ፤ ሰባተኛ የጨመረ ሰው የጎረቤቱን ኮድ ያቆምበታል። የውስጠኛው ወርድ በየፍሬሙ፣ ማለትም ሥዕሉ እንደገና በተሣለ ቁጥር፣ ከተለዋወጠ ሁሉም ወደ ውጭ ተከታትሎ ያብለጨልጫልና፣ ለውጡ በ2 ሴኮንድ ከአንድ ጊዜ አይብለጥ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሹት እነዚህ ናቸው። ራንደም (random)፣ የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጠው ትእዛዝ፣ የጋራ ነው፤ አንዱ አንድ ጊዜ አብዝቶ ከጠራው ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይለወጣሉ። በየፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ የዘፈቀደ ቁጥሮቹን መነሻ የሚወስነውን ራንደም ሲድ (randomSeed) በየራሳችሁ ቁጥር፣ ከ1 እስከ 5፣ አስጀምሩት። ቀለምና የመስመር ውፍረት ወደ ጎረቤት እንዳይፈስ ሥራችሁን የሥዕል ቅንብሩን በሚያስቀምጠው ፑሽ (push) እና በሚመልሰው ፖፕ (pop) መሐል አስቀምጡ። እንቅስቃሴን በፍሬም ቆጠራ (frameCount) ሳይሆን ያለፈውን ጊዜ በሚሊሴኮንድ በሚሰጠው ሚሊስ (millis) ለኩ፣ አለበለዚያ በደካማ ላፕቶፕ ላይ ቀስ ይላል። በሁሉም ስክሪን ላይ የፒክስሉ ቁጥር አንድ እንዲሆን ፒክስል ደንሲቲን (pixelDensity) 1 አድርጉ። ስፌቶቹ 5100 ስለሚሆኑ እያንዳንዱ ወርድ በራሱ ግራፊክስ (createGraphics፣ ከዋናው የተለየ ሸራ) ላይ ይሣል፤ ሲለወጥ ብቻ ይታደስ።

ጃቫስክሪፕት በፊደላችን የተጻፉ ስሞችን ስለሚቀበል ፈንክሽናችሁን «ዙር» ወይም «አለላ» ማለት ትችላላችሁ፤ ደስ ይላል፣ ለማንበብም ይቀላል። ነገር ግን ለኮምፒውተሩ «ሥራ» እና «ስራ» ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሠ፣ ሐ፣ ኀ፣ ዐ፣ ፀ ያሉበትን ስም ከነጭራሹ ተዉት።

እያንዳንዱ ሰው አንድ ፋይል ይኑረው፤ ዋናውን ፋይል የሚነካው አንድ ሰው ብቻ። የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግበውና የሚያዋሕደው ፕሮግራም ጊት (Git) ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ የጋራ ማኅደሩን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ተቀባበሉ። የፒ5 ፋይሉንም አውርዳችሁ ከጎኑ አስቀምጡ።

ለማሳየት ነጭ በኖራ የተቀባ የግቢ ግድግዳ ምረጡ፣ ከመሸ በኋላ። 2 ሜትር ስፋት ላለው ሰፌድ፣ የ16 ለ9 ፕሮጀክተር 3.56 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ማውጣት አለበት፤ የርቀት ምጣኔው (ርቀቱ ለምስሉ ስፋት ሲካፈል) 1.5 ከሆነ 5.3 ሜትር ይርቃል። ጥቁር ቀለም በፕሮጀክተር አይወጣም፣ የግድግዳው የራሱ ጨለማ ነው፤ አጠገቡ መብራት ካለ ይነጣል። ፕሮጀክተሩን አጋድላችሁ ካስቀመጣችሁት ክቡ እንቁላል ይመስላል፣ ስለዚህ ቁመቱንና አግድሙን በሜትር ለክታችሁ አስተካክሉ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ የአምፖል ፕሮጀክተር ግን ማራገቢያው ድንገት ሲቆም አምፖሉ ሊጎዳ ይችላል። 650 ቪኤ (የኃይል መለኪያ) ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚተካ ባትሪ፣ አገናኙ፤ ማሳያውን ለመቀጠል ሳይሆን በሥርዓት አጥፍቶ ለማቀዝቀዝ። ሥራውን ወደ ድሬዳዋ ካወረዳችሁት ሙቀቱ ይከብዳልና፣ የአየር ማጣሪያውን ቀድማችሁ ከአቧራ አጽዱ፣ ከጀርባውም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ክፍት ቦታ ተዉለት።