ላንጋኖ ስትወርዱ ዕቃችሁን ማን ይጠብቃል?

ጥር ላይ የደብረ ብርሃን ውርጭ አጥንት ሲገባ፣ ሰው ሁሉ «ቆላ ወርደን ትንሽ እንሙቅ» ማለት ይጀምራል። መድረሻው ብዙ ጊዜ ላንጋኖ ነው። ውሃው ቡኒ ነው፣ ግን ቢልሃርዚያ የለበትም፣ አሸዋም አለው፣ ፀሐይም አለው። ችግሩ ዋናተኛው ውሃ ውስጥ፣ ስልኩ ደግሞ አሸዋ ላይ መሆኑ ነው።

እኔ የተሰረቅሁት ሰባት ሆነን በሄድንበት ጊዜ ነው። ስድስታችን እንዋኛለን፣ ሰባተኛው ዕቃ ይጠብቃል። ጥሩ ነበር። ከዚያ አንዱ «ኑ፣ አንድ ላይ ፎቶ እንነሳ» አለና ጠባቂያችንም ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። አስር ደቂቃ እንኳ አልቆየንም። ስልኬን ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ጫማዬ ውስጥ ወትፌው ነበር፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። ሌባው መፈለግ እንኳ አላስፈለገውም፣ ጫማውን ከነስልኩ አንስቶ ሄደ። ደብረ ብርሃን የገባሁት በተዋስኩት ነጠላ ጫማ ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ በጥር። ፎቶው ግን ቆንጆ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምላችሁ፦ ጫማ መደበቂያ አይደለም። ሌባ አስቀድሞ የሚያየው እሱን ነው። አሸዋ ውስጥ መቅበርም አይሆንም፣ ስትቀብሩ የሚያያችሁ አለ፤ ባይኖርም ራሳችሁ ቦታው ይጠፋችኋል። የመኪና ቁልፍ ጎማ ላይ ማስቀመጥም ያው ነው። ቁልፉ ጠባቂው ኪስ ውስጥ ይሁን። ላፕቶፕና ቦርሳ መኪና ውስጥ የምትተዉ ከሆነ ደግሞ ከመድረሳችሁ በፊት መንገድ ላይ የኋላው ኮፈን ውስጥ ክተቱት፣ ፓርኪንግ ቆማችሁ ሰው እያየ አይደለም።

ዋናው ነገር ተራ ነው። ግማሽ ግማሽ ሰዓት ተከፋፈሉ፣ ተረኛው ደግሞ ለፎቶም ለምንም አይነሳ። አቀማመጡም ዋጋ አለው። ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ዕቃውን ከኋላው ያደርጋል፣ ጓደኞቹ ሲንቦጫረቁ ማየት ስለሚፈልግ። ሌባ ግን ከውሃ አይወጣም፣ የሚመጣው ከኋላ ከየብስ በኩል ነው። ዕቃውን በእናንተና በውሃው መካከል አድርጉት። የቦርሳዎቹን ማንገቻ እርስ በርስ አያይዙና በወንበሩ እግር አሳልፉት፣ አንዱን የሚጎትት ሁሉንም ይጎትታል። አንድ ሰው ከፊት መጥቶ ወሬ ሲያበዛባችሁ ደግሞ እጃችሁን ቦርሳው ላይ አሳርፉ። ምናልባት ጨዋታ የሚወድ ሰው ብቻ ነው፣ ዓሣ ሻጩንም ልጁንም ሁሉ ሌባ ማድረግ ነውር ነው። እጃችሁ ቦርሳው ላይ ሆኖም ማውራት ትችላላችሁ።

ብቻችሁን ከሄዳችሁ ወይም ጥንድ ከሆናችሁ ግን ተራ የለም። ያኔ ውሃ የማያስገባ የአንገት ኪስ ግዙ። ስልክና ትንሽ ብር ይይዛል፣ አብሯችሁ ይዋኛል። ስልኩን ከመክተታችሁ በፊት ሶፍት ከትታችሁ ባልዲ ውስጥ ድፈቁት፣ ሶፍቱ ከረጠበ ኪሱን ጣሉት። የቀረውን ዕቃ ያረፋችሁበት ቦታ ሪሴፕሽን ቆጥራችሁ፣ የተረከባችሁን ሰው ስም ጠይቃችሁ፣ ከተቻለ አስፈርማችሁ አስረክቡ።

ብርን በተመለከተ ከእናቴ የተሻለ አላየሁም። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ስትሄድ ብሯን ሦስት ቦታ ታደርጋለች፦ ጥቂቱ ቦርሳ ውስጥ፣ የመመለሻ ትራንስፖርቱ መቀነቷ ውስጥ ተቋጥሮ፣ የቀረው አብራት ከሄደችው ጎረቤት ጋር። ጸበል ቦታም እኮ ያው ነው፣ ልብስ አውልቀህ ነው የምትገባው። እናንተ መቀነት ባይኖራችሁም የመመለሻውን ብር ከሌላው ለዩት።

መንገዱን አትርሱ። ከደብረ ብርሃን መጥታችሁ አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ትወርዳላችሁ፣ ወደ ደቡብ የሚሄደው አውቶብስ ደግሞ ያለው ቃሊቲ መናኸሪያ ነው። ከተማውን ሻንጣ ይዞ ማቋረጥ ከሐይቁ ዳር ይልቅ ያስፈራኛል። «ልብስህ ላይ ቆሻሻ አለ» የሚል ሰው ሲመጣ አመስግናችሁ እለፉ፣ ቆማችሁ አታራግፉ። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ልብስ ብቻ ይሁን።

ድንኳን የምታድሩ ከሆነ ስልክና ቦርሳ በድንኳኑ ግድግዳ በኩል አይደር፣ ሸራ በምላጭ ይቀደዳል። መሃል ላይ፣ እግራችሁ ሥር አድርጉት። ምግብ ደግሞ ውጭ አትተዉ። ጓሳ ሄደን የለመድነው የእኛ ጭላዳ ሳሩን ነጭቶ በሰላም ይሄዳል፤ የቆላው ዝንጀሮ እንደዚያ አይደለም፣ ከነፌስታሉ ነው የሚወስድባችሁ።

አሁን ቤት ሳላችሁ የሚሠራ ነገር። ስልካችሁ ላይ *#06# ደውሉ፣ 15 አሃዝ ያለው መለያ ይወጣል፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። ፖሊስ ጋ ስትሄዱ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው። ቀጥሎ ሲም ካርዱን ራሱን በፒን ቆልፉ። ብዙ ሰው ስክሪኑን ብቻ ይቆልፍና ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ ሌባው ግን ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ቢከት የባንክ የማረጋገጫ ኮድ ሁሉ እሱ ጋ ይገባል። የሲም ፒን ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ይዘጋል። ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ በሚለው በኩል ታገኙታላችሁ። የቴሌብር ፒናችሁም የልደት ዓመታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት።

ያቺ ወረቀት ላይ እነዚህንም ጨምሩ፦ 994 ሲም ለማዘጋት፣ 127 ለቴሌብር፣ ንግድ ባንክ ከሆናችሁ 951፣ ፖሊስ 991። ወረቀት ያልኩት በምክንያት ነው፣ እኔ ቁጥሮቹን በሙሉ ስልኬ ውስጥ ነበር የያዝኳቸው። ከተሰረቃችሁ መጀመሪያ የምትደውሉት በጓደኛ ስልክ 994 ነው፣ ሌባውን አሸዋ ለአሸዋ ማሳደዱ ይቆይ። ከዚያ ባንኩ፣ ከዚያ ፖሊስ። የፖሊስ ማስረጃውን ሳትይዙ ከዚያ አካባቢ አትውጡ፣ መታወቂያም አብሮ ከጠፋ ምትክ ስታወጡ ትጠየቁበታላችሁ። እኔ ሰነፍኩና ደብረ ብርሃን ከገባሁ በኋላ ለሱ ብቻ ተመልሼ ወረድኩ።

ጫማ ደግሞ ሁለት ጥንድ ያዙ።