ድመትን ሳይመርዙ ቁንጫዋን ማጥፋት እንዴት ይቻላል?

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝም ሙቀቷ ዓመቱን ሙሉ ለቁንጫ የሚመች ነው፤ የክረምቱ ዝናብና የጣና እርጥበት ሲጨመሩበት ደግሞ ድመት ባለበት ቤት ሰውም ድመትም ማከክ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያመራው ወደ እንስሳት መድኃኒት መሸጫ ነው። መደርደሪያው በአብዛኛው የተሞላው ለከብት፣ ለበግና ለውሻ በሚሆን መድኃኒት ስለሆነ፣ ለድመት የተዘጋጀው ሲጠፋ «የውሻውን በትንሹ ያድርጉላት» የሚል ምክር ይሰጣል። ይህ ምክር ድመት ይገድላል።

1ኛ. ቁንጫ መኖሩን ያረጋግጡ። ጥርሱ የተቀራረበ የቅማል ማበጠሪያ ይዘው ከወገቧ እስከ ጅራቷ ሥር ያበጥሩና የወጣውን ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፉ። ብናኙ ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የተፈጨ ደም ስለሆነ ይቀላል። የተያዙትን ቁንጫዎች ሳሙና ባለው ውኃ ውስጥ ይንከሯቸው። ከ8 ሳምንት በታች ለሆኑ ግልገሎች፣ ሐኪም ካላዘዘ በቀር፣ ሕክምናው ይኸው ማበጠሪያ ብቻ ነው። ከመሣሪያዎች ሁሉ አስበልጬ የምመክረውም እርሱን ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚመርዘውም ነገር የለም።

2ኛ. መድኃኒቱን በማሸጊያው ሥዕል ሳይሆን በውስጡ ባለው ንጥረ ነገር ይምረጡ። ጥንቃቄ የሚጠይቀው እርምጃ ይህ ነው። በቆዳ ላይ በሚፈሱት የውሻ ጠብታዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፐርሜትሪን የተባለው የነፍሳት መርዝ ሲሆን፣ የውሻ ጉበት ሰባብሮ ያስወግደዋል፤ የድመት ጉበት ግን ይህን ሥራ የሚያከናውነው ኢንዛይም እጅግ ስለሚያንሰው፣ መርዙ በሰውነቷ ውስጥ ቆይቶ ነርቮቿን ያናውጣል። ለውሻ የሚሸጡት አንዳንድ ጠብታዎች እስከ 65 በመቶ የሚደርስ ፐርሜትሪን ስላላቸው፣ «በትንሹ» የተባለው ጠብታ ለአንዲት ድመት ከበቂ በላይ መርዝ ነው። ለከብት መዥገርና ለዝንብ የሚያገለግሉት ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪንም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ዲያዚኖን፣ ማላታዮንና አሚትራዝ ዝርያቸው ሌላ ቢሆንም፣ በውኃ ተበጥብጠው ለበግና ለከብት ስለሚረጩ ብቻ ለድመት ይሆናሉ ማለት አይደለም፤ ድመት ጠጉሯን በምላሷ የምታጸዳ እንስሳ ስለሆነች፣ ምላሷ በሚደርስበት ቆዳዋ ላይ የፈሰሰው ሁሉ ወደ ሆዷ ይገባል።

ለድመት ተብለው ሲዘጋጁ ተስማሚ የሆኑት ፊፕሮኒል፣ ሴላሜክቲንና ኢሚዳክሎፕሪድ ናቸው። ሆኖም የእነዚህን ስም ማየት ብቻውን አይበቃም። ኢሚዳክሎፕሪድን ከፐርሜትሪን ጋር፣ ፊፕሮኒልንም እንዲሁ ከፐርሜትሪን ጋር ያጣመሩ የውሻ ጠብታዎች አሉ፤ የመጀመሪያውን ስም ብቻ አንብቦ የተረጋጋ ሰው ሁለተኛውን ሳያይ ይገዛል። ስለዚህ ማሸጊያውን ገልብጠው በጥቃቅን ፊደላት የተጻፈውን የንጥረ ነገር ዝርዝር እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ጽሑፉ ካልገባዎት ሻጩ አንድ በአንድ እንዲያነብልዎ ይጠይቁ፤ ማሸጊያ የሌለውን፣ ወደ ሌላ ጠርሙስ የተገለበጠውን ወይም በሲሪንጅ የሚቀዳውን ግን በነጻም ቢሰጥዎ አይቀበሉ። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን የአንገት ማሰሪያም አልመክርም።

በየቤቱ የሚነገሩት ዘዴዎችም ከጥርጣሬ ነጻ አይደሉም። ላምባ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲላስና ወደ ሳንባ ሲገባ ደግሞ ይገድላል። የባሕር ዛፍ ዘይትም ተፈጥሯዊ ስለሆነ ብቻ ለድመት የዋህ አይሆንም፤ የዕፅዋት ዘይቶችን ጉበቷ በቀላሉ አያስወግዳቸውም። ነጭ ሽንኩርት ከምግቧ ጋር ማብላት ቁንጫውን ሳያባርር ቀይ የደም ሕዋሶቿን ያፈርሳል።

3ኛ. መዝነው በልኩ ያድርጉ። ድመቷን አቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ብቻዎን ደግመው ይውጡ፣ ልዩነቱን ይያዙ። መጠኑ በክብደት ነው፤ ለምሳሌ በአንድ የታወቀ የሴላሜክቲን ዝግጅት እስከ 2.5 ኪሎ ለምትመዝን ድመት 15 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ እስከ 7.5 ኪሎ ለምትመዝን ደግሞ 45 ሚሊ ግራም ያለው ጠብታ ይሰጣል። ጠብታውን ምላሷ በማይደርስበት በማጅራቷ ላይ፣ ጠጉሩን ከፍለው በቆዳው ላይ ያፍስሱ። ጠጉሩ ላይ ብቻ የቀረ ጠብታ ሥራውን አይሠራም። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለ እስኪደርቅ ድረስ ይለዩዋቸው፤ በፐርሜትሪን የታከመ ውሻ ካለ ደግሞ ድመቷን ለ3 ቀን ከእርሱ ያርቁ፣ እርሱን ተደግፋ መተኛቷ ብቻ ሊመርዛት ይችላልና።

4ኛ. ቤቱን ያክሙ። ድመቷ ላይ የሚታየው ጎልማሳ ቁንጫ በቤቱ ካለው ጠቅላላ ቁንጫ ጥቂቱ ነው፤ እንቁላሉ ከጠጉሯ እየረገፈ በሰሌን፣ በምንጣፍና በፍራሽ ሥር ይፈለፈላል። መኝታዋን በ60 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ይጠቡ፣ ወለሉን በየቀኑ ጠርገው ጥራጊውን ያርቁ፣ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ያስጡ፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል (እጭ) ደረቅ አየርና ብርሃን አይወድም። ቤቱ ፀረ ነፍሳት ከተረጨ ግን ርጭቱ እስኪደርቅና አየሩ እስኪለወጥ ድመቷን ከውጭ ያቆዩ።

ሕክምናው በትክክል ተሠርቶም ለሳምንታት ቁንጫ መታየቱ የተለመደ ነው። በኩብኩባው፣ ማለትም እጩ ራሱን በሚጠቀልልበት ሽፋን፣ ውስጥ ያለው ቁንጫ መድኃኒት ስለማይደርስበት ለወራት ሊቆይና በንዝረትና በሙቀት ሊነቃ ይችላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው ይደግማሉ ወይም ሌላ ይጨምራሉ፤ ድመቶች ከሚመረዙባቸው መንገዶች አንዱም ይህ ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር፣ ሳይሞላ አይድገሙ።

5ኛ. ከሕክምናው በኋላ እስከ 3 ቀን ይከታተሏት። ጠብታውን ልሳ ወዲያው ጥቂት ለሃጭ ማዝረክረኳ ከመራራነቱ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎም ይቆማል። ጆሮዋና ፊቷ ከተርገበገበ፣ እግሯን ካራገፈች፣ ከተንገዳገደች፣ ከተንቀጠቀጠች ግን መርዙ ነርቯን ይዟል። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብታውን ከጠጉሯ አጥበው፣ በፎጣ አድርቀው፣ ሙቀት እንዳይርቃት ጠቅልለው በፍጥነት ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። የፈላ ወይም በጣም ቀዝቃዛ ውኃ አይጠቀሙ፤ አካሏ ሲቀዘቅዝ የፐርሜትሪን ጉዳት ይብሳል። በአገራችን መርዝ ያረክሳል ተብሎ የሚታመነውን ወተትም አይጋቷት፤ እየተንቀጠቀጠች ያለች ድመት ወተቱን ወደ ሳንባዋ ትስበዋለች። ማሸጊያውን ይዘው መሄድን አይርሱ። ለፐርሜትሪን ማርከሻ ባይኖረውም፣ ሐኪም መንቀጥቀጡን በመድኃኒት ካረጋጋላት ብዙ ድመቶች ይድናሉ።

የተረፈውን መድኃኒትና የድመቷን እጣቢ ወደ ጣና በሚወርድ ቦይ ውስጥ አይድፉ፤ ፐርሜትሪንና ፊፕሮኒል ዓሣንና የውኃ ውስጥ ነፍሳትን እጅግ ይጎዳሉ። በመጨረሻም፣ ቁንጫ የዋጠች ድመት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የሆድ ትል ሊይዛት ስለሚችል፣ በመኝታዋና በጅራቷ ሥር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካዩ ከሐኪሙ ፕራዚኳንቴል ይጠይቁላት።