ለኤሲ ትራንዚት ቦርድ ወንበር ለመወዳደር

በካሊፎርኒያ ኦክላንድና በአካባቢዋ የአውቶቡስ አገልግሎት የሚሰጠው ኤሲ ትራንዚት በሰባት የቦርድ አባላት ይመራል፤ አምስቱ እያንዳንዳቸው ከአንድ የምርጫ ክልል፣ ሁለቱ ደግሞ ከመላው የአገልግሎት አካባቢ በሕዝብ ድምፅ ለአራት ዓመት ይመረጣሉ። ዋና ሥራ አስኪያጁን የሚሾመው፣ በጀቱን የሚያጸድቀውና የቲኬት ዋጋን የሚወስነው ይህ ቦርድ ነው። ማታ ከሥራ ወጥቶ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የቆመ ሰው አውቶቡሱ በስንት ደቂቃ ልዩነት እንደሚመጣለት የሚወሰነውም በዚሁ ቦርድ በጀት ነው።

ተወዳዳሪው በሚወዳደርበት ክልል የሚኖርና በመራጭነት የተመዘገበ፣ ስለዚህም አሜሪካዊ ዜጋ መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው "ዜጋ ነኝ" ብሎ በመራጭነት ቢመዘገብ የዜግነት ጥያቄውን ራሱ አደጋ ላይ ይጥላልና በዚህ ነገር ቀልድ የለም። የድርጅቱ ሠራተኛ መወዳደር ይችላል፤ ቢያሸንፍ ግን ቃለ መሐላ ከመፈጸሙ በፊት ሥራውን መልቀቅ ግድ ይለዋል። የአባልነቱ አበል የሾፌርን ደመወዝ ስለማይተካ፣ አውቶቡስ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን አስቀድመው ከቤተሰባቸው ጋር ቢመክሩበት ይሻላል።

ቅጽ ከመሙላት በፊት ስብሰባ መከታተል ይገባል። የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል፤ ማንኛውም ሰው ገብቶ አስተያየት መስጠት ይችላል። አንድን መስመር መርጦ፣ በጀቱ ላይ ምን እንደተመደበለት አንብቦ፣ ስለዚያ ብቻ አጥርቶ መናገር ስለ ትራንስፖርት ችግር በደምሳሳው ከማማረር እጅግ ይበልጣል።

ምርጫው የሚካሄደው በየሁለት ዓመቱ ኖቬምበር ላይ ሲሆን በእያንዳንዱ ዙር ለውድድር የሚቀርቡት የተወሰኑት ወንበሮች ብቻ ናቸው። ስለዚህ የእርስዎ ክልል ተራ መሆኑን የካውንቲውን የምርጫ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ የአላሜዳ ካውንቲው ኦክላንድ ፋሎን ጎዳና ላይ ይገኛል። የተወዳዳሪዎች ምዝገባ ጊዜ ከምርጫው 113 ቀን በፊት ተከፍቶ 88 ቀን ሲቀረው ይዘጋል፤ ለኖቬምበር 3 ቀን 2026 ምርጫ ይህ ከጁላይ 13 እስከ ኦገስት 7 ማለት ነው።

ከወረቀቶቹ ሁሉ ብዙ ልፋት የሚጠይቁት ሁለት ትንንሽ ጽሑፎች ናቸው። የመጀመሪያው በድምፅ መስጫው ላይ ከስምዎ ሥር የሚታተመው የሥራ መግለጫ ሲሆን፣ ከሦስት ቃል ሳይበልጥ እውነተኛ መተዳደሪያዎን መናገር አለበት። ብዙ መራጭ ስለ እርስዎ የሚያነበው እሱን ብቻ ስለሆነ፣ "ነጋዴ" ከማለት "የምግብ ቤት ባለቤት" ማለቱ የተሻለ ይናገራል። ሁለተኛው ለመራጮች በሚላከው መጽሔት የሚወጣው የ200 ቃላት መግለጫ ነው፤ ቦርዱ ከፈቀደ እስከ 400 ሊደርስ ይችላል። ስለ ራስ እንጂ ስለ ተቀናቃኝ አይጻፍበትም፤ የፓርቲ ስምም አይነሳበትም። አማርኛ አስቦ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፤ እኛ "አልነገርኳቸውም" ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰው በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ይበላልና። ማተሚያውን የሚከፍለው ተወዳዳሪው ነው፤ ሂሳቡ በመራጩ ብዛት ስለሚሰላ ከመላው አካባቢ ለሚወዳደር ሰው ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ዋጋውን ይጠይቁ።

ለምርጫ ዘመቻው ገንዘብ ከመሰብሰብ በፊት ቅጽ 501 የተባለው የመወዳደር ፍላጎት ማሳወቂያ መግባት አለበት፤ የተሰበሰበው 2,000 ዶላር ሲደርስ ደግሞ የምርጫ ዘመቻ ኮሚቴ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ ብር በፖስታ አድርጎ እጅ ላይ ማስጨበጥ ወግ ቢሆንም፣ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ በጥሬ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። አዲስ አበባ ካለ የአሜሪካ ዜግነትም ሆነ ግሪን ካርድ ከሌለው ዘመድ፣ እንዲሁም ከቤተ ክርስቲያን ካዝና አንዲት ዶላር እንኳ መቀበል አይፈቀድም።

ወንበሩን የያዘው ሰው እስከ መዝጊያው ቀን ካልተመዘገበ ጊዜው ለሌሎች ተወዳዳሪዎች አምስት ቀን ይራዘማል፤ ስለዚህ ያመነቱ ሰዎች በኦገስት 7 ማምሻ የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር ከጽሕፈት ቤቱ ቢጠይቁ ይጠቅማቸዋል።