ስልክና ፓወር ባንክ ይዘን ስንበር የምንሠራቸው ስህተቶች

«ስልካችሁን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ኔትወርክ ብቻ ነው። «ስንቱ ረስቶ አብርቶት ይሄዳል፣ መቼ አውሮፕላን ወደቀ?» ይላል። አንዴ እንዲህ ካለ በኋላ ሌላውንም መመሪያ ችላ ይለዋል። የፓወር ባንኩን፣ የላፕቶፑን፣ ወንበር ሥር የገባውን ስልክ፣ ሁሉንም። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ አየር መንገዶችን እንቅልፍ የሚነሳው የስልኩ ኔትወርክ ሳይሆን ባትሪው ነው። ስለዚህ ከባትሪው ልጀምር።

ፓወር ባንክን ካርጎ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ መክተት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። እኛ ደግሞ ደጋግመን እንሠራዋለን። ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ለእህት ስልክ፣ ለወንድም ላፕቶፕ፣ ቤት ውስጥ መብራት ስለሚጠፋ ደግሞ ሁለት ሦስት ፓወር ባንክ። ሁሉም በልብስ ተጠቅልሎ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ሻንጣው በፕላስቲክ ይጠቀለላል፣ በገመድ ይታሰራል፣ አለቀ።

ሕጉ በመላው ዓለም አንድ ነው። ፓወር ባንክና ማንኛውም ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ካርጎ አይገባም። በእጅ ብቻ ነው የሚያዘው። ምክንያቱን ካወቃችሁት አትረሱትም። የሊቲየም ባትሪ ውስጡ ከተበላሸ ወይም ከተጨፈለቀ ራሱን በራሱ እያጋለ ይሄዳል። ባትሪው ውስጥ ካሉት ትንንሽ ክፍሎች (ሴሎች) አንዱ ሲቃጠል አጠገቡ ያለውን ያግለዋል፣ ያም ቀጣዩን። ካቢን ውስጥ ከሆነ ጭሱ ወዲያው ይታያል፣ አስተናጋጆቹ ይደርሱበታል። ካርጎ ውስጥ ግን ማንም ሰው የለም። እዚያ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ሊያፍነው ይችላል እንጂ ባትሪው ውስጥ የተነሳውን ሙቀት አያቆመውም።

ትንሽ ባትሪ ምን ታመጣለች የሚል ካለ፣ የራሳችን አውሮፕላን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787፣ «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው፣ ለንደን ሂትሮው ላይ ማንም ሳይኖርባት ቆማ እሳት ተነሳባት። የእንግሊዝ መርማሪዎች መነሻውን ሲያገኙት በኋለኛው ጣሪያ በኩል የተገጠመ የአደጋ ጊዜ ምልክት ማሰራጫ ሆነ። የዚያ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ባትሪው ከእኛ ፓወር ባንክ ዓይነቱ ይለያል፣ ቻርጅ የሚደረግም አይደለም። ግን አንዲት ትንሽ ዕቃ የግዙፍ አውሮፕላን ጣሪያ አቃጥላለች። ያኔ ሰው አለመኖሩን ሳስብ እስካሁን እግዜርን አመሰግናለሁ።

ስልክና ላፕቶፕስ? መሣሪያው ውስጥ የተገጠመ ባትሪ በብዙ አየር መንገዶች ካርጎ ይፈቀዳል፣ ግን ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት፤ ስክሪኑን አጥፎ መክደን ብቻ አይበቃም። እንዳይመታም በደንብ መሸፈን አለበት። እኔ ብትጠይቁኝ በእጃችሁ ያዙት እላለሁ። የአክስቴ ልጅ ባለፈው ስትመጣ ሻንጣዋ ሳይደርስ ቀረ። ከአምስት ቀን በኋላ ተከፍቶ መጣ። ፓወር ባንኩ ወጥቷል፣ ወረቀት ተለጥፎበታል። ለእናቷ ያመጣችው መድኃኒትም አምስቱን ቀን ሙሉ እዚያው ሻንጣ ውስጥ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ የተጠነቀቀ ሰው እንኳ የሚረሳው ነው። አውሮፕላኑ ሲሞላ በር ላይ «የእጅ ሻንጣችሁን ስጡን፣ ከታች እንጫነው» ይላሉ። በዚያች ቅጽበት ፓወር ባንኩን አውጡት። የእጅ ሻንጣው ካርጎ ገባ ማለት እኮ ፓወር ባንኩም ገባ ማለት ነው።

ጉልበቱን ሳያውቁ መግዛት

ፓወር ባንክ የሚይዘው ጉልበት የሚለካው በዋት አወር ነው። እስከ 100 ዋት አወር ያለ ፈቃድ ይያዛል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ያውም ከሁለት አይበልጥም። ከ160 በላይ ጭራሽ አይቻልም። ፓወር ባንኩ ላይ በብዛት የሚጻፈው ግን ሚሊ አምፒር አወር ስለሆነ ሰው ይደናገራል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቁጥሩን በ3.7 አባዙት፣ ለ1,000 አካፍሉት። 10,000 የሚለው 37 ዋት አወር ይሆናል። 20,000 የሚለው 74 ነው፣ ያልፋል። 30,000 የሚለው 111 ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል። 50,000 የሚለውን ገዝታችሁ ከሆነ 185 ነውና ቤት ተዉት።

ጽሑፉ የተፋቀ ወይም ከመጀመሪያውም ያልተጻፈበት ፓወር ባንክ ይዞ መከራከር አያዋጣም። የሚፈትሸው ሰው በቃላችሁ ማመን የለበትም። ከመርካቶ እየተነሱ ወደ ቻይና ለሚመላለሱ ነጋዴዎች ደግሞ ይሄን በተለይ እናገራለሁ። ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ ቻይና ውስጥ የአገር ውስጥ በረራ ላይ «3ሲ» የሚባለው የጥራት ምልክት የሌለበት ፓወር ባንክ አይገባም። ጓንጁ በሰላም ገብታችሁ፣ ከዚያ ወደ ዪው ልትበሩ ስትሉ ሊወሰድባችሁ ይችላል።

የሠርግ ቪዲዮ የምትቀርጹም ትርፍ የካሜራ ባትሪ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቱ። ብረት ብረቱ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት።

ፓወር ባንኩን ከላይ ማስቀመጥና እየበረሩ መጠቀም

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ውስጥ አንድ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ወደ ሆንግ ኮንግ ሊነሳ ሲዘጋጅ ከላይ ካለው የሻንጣ መደርደሪያ እሳት ተነሳ። ሰዎቹ በሙሉ ወጡ፣ አውሮፕላኑ ግን ተቃጠለ። መርማሪዎች ለእሳቱ መነሻ ሳይሆን አይቀርም ያሉት ፓወር ባንክ ነበር። ኮሪያ ከማርች 1 ጀምሮ ፓወር ባንክ ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንዳይቀመጥ ከለከለች። ኤምሬትስም ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደንቡን አጠበቀ። አንድ ሰው አንድ ፓወር ባንክ ብቻ፣ ያውም ከ100 ዋት አወር በታች የሆነ መያዝ ይችላል። በረራው ላይ ግን በፓወር ባንኩ ስልክ ቻርጅ ማድረግም ሆነ ራሱን ፓወር ባንኩን መሙላት አይቻልም። የሚቀመጠውም ከፊት ባለው ኪስ ወይም ወንበር ሥር ነው።

በዱባይ በኩል የምትሄዱ ይሄን ዕወቁት። በሌላም አየር መንገድ ብትሄዱ ልማዱን ያዙት። ከላይ ቦርሳ ውስጥ ታፍኖ የተቀመጠ ዕቃ ሲግል ማንም አያየውም። አጠገባችሁ ከሆነ ግን በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቃላችሁ። ስልካችሁን ቤት ሞልታችሁ ውጡ፣ የጎደለውን ወንበሩ ላይ ካለው ሶኬት ሙሉ።

ስልክ ወንበር ውስጥ ሲገባ ወንበሩን ማንቀሳቀስ

ወደ ዋሽንግተን ስሄድ አጠገቤ አንዲት እናት ነበሩ። ሌሊት ስልካቸው ከነጠላቸው ተንሸራትቶ በወንበሩ ጎን ገባ። «ውይ ልጄ፣ ስልኬ ገባብኝ» አሉና ወንበሩን ወደ ኋላ ሊለቁት ቁልፉን ሲይዙ፣ «እማማ፣ ይቆዩ፣ ወንበሩን አይንኩት» አልኳቸው። ደነገጡ። ሆስተሷን ጠራናት፣ የእጅ ባትሪ ይዛ መጣች፣ እማማን አስነሥታ ስልኩን ቀስ አድርጋ አወጣችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

የወንበሩ ብረት ስልኩን ከጨፈለቀው ባትሪው ይቀደዳል፣ የተቀደደ ባትሪ ይነድዳል። አውሮፕላን ላይ የሚነሱ የስልክ እሳቶች አንዱ መነሻ ይሄው ነው። ስለዚህ ወንበሩን ወደ ፊትም ወደ ኋላም አታንቀሳቅሱ፣ እጃችሁንም አትስደዱ። ተነሡና ሰው ጥሩ። ሌሊት ነው ብላችሁ አታፍሩ። ሥራቸው ነው።

የጋለ ስልክን መደበቅ

ስልኩ ከመጠን በላይ ሲግል፣ ሲያብጥ ወይም የሚቀፍ ሽታ ሲያመጣ አንዳንዱ ሰው እንዳይወሰድበት ፈርቶ ቦርሳው ውስጥ ይጨምረዋል፣ ወይም በብርድ ልብስ ይጠቀልለዋል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ወዲያውኑ ተናገሩ። አስተናጋጆቹ ለዚህ ሠልጥነዋል፣ ብዙ ቦታ ልዩ ጓንትና ከረጢት አላቸው። የሊቲየም ባትሪ እሳት ላይ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዝ ነው፤ ውሃ ይፈስበታል፣ ውሃ ከሌለ አልኮል የሌለበት መጠጥም ቢሆን። በረዶ መደርደር ግን ሙቀቱን እንዳይወጣ ይሸፍነዋል። የሚጨስ ስልክ በእጅ አንሥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥም አደጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7 በሙሉ ከአሜሪካ በረራዎች የታገደው በዚሁ በባትሪው ምክንያት ነበር። ጠፍቶም ቢሆን አይገባም ተባለ።

ፍላይት ሞድን መናቅ

አሁን ወደ ኔትወርኩ እንምጣ። አንድ ስልክ አውሮፕላን አይጥልም፣ ይሄ እውነት ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2013 ከመነሻው በር እስከ መድረሻው በር አነስተኛ መሣሪያ መጠቀም እንዲፈቀድ መንገዱን ከፍታለች። ከዚያ በፊት ከ10,000 ጫማ በታች ሁሉም ይጠፋ ነበር። ያኔም ግን የሲም ኔትወርኩ ይጥፋ ነው የተባለው።

ለምን? ድሮ ስልክ ሊጠራ ሲል አጠገቡ ያለው ሬዲዮ ወይም ቴፕ «ጥርርር ጥር ጥር» ሲል ታስታውሳላችሁ? ያ ድምፅ ፓይለቱ ጆሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ የሚሰጠውን መመሪያ በሚሰማበት ሰዓት። ሁለተኛው ምክንያት ምድር ላይ ነው። ከላይ የሚበር ስልክ በአንዴ ብዙ የኔትወርክ ማማዎችን ስለሚያይ የታችኛውን ኔትወርክ ይረብሻል። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1991 በአየር ላይ ስልክ መጠቀምን የከለከለው በዋናነት ለዚህ ነው። ስልኩም ማማ ሲፈልግ ጉልበቱን ስለሚጨምር ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በዚያ ላይ አንዳንድ አውሮፕላኖች የራሳቸው የሞባይል ኔትወርክ አላቸው። ፍላይት ሞድ ያላደረገ ስልክ ተኝታችሁ ሳለ ራሱ ይገናኝና የሮሚንግ ሒሳቡ ያስደነግጣችኋል።

ፍላይት ሞድ ማለት ደግሞ ሁሉም ነገር ይጥፋ ማለት አይደለም። ካበራችሁት በኋላ አየር መንገዱ ከፈቀደ ዋይፋዩንና ብሉቱዙን መልሳችሁ መክፈት ትችላላችሁ። የመስሚያ መሣሪያ ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ያላችሁም አትጨነቁ፣ ክልከላው እናንተን አይመለከትም። ወላጆቻችሁን ስትሸኙ ይሄን ንገሯቸው፤ «አጥፉ» ሲባል ደንግጠው የመስሚያቸውን ባትሪ የሚያወጡ አሉ።

አልፎ አልፎ ጭጋግ ሲኖር ካፒቴኑ ሁሉም መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ ሊል ይችላል። ያኔ አትከራከሩ። መሬቱ በማይታይበት ሰዓት ማረፊያውን የሚነግረው መሣሪያው ነው።

ሲነሳና ሲያርፍ ላፕቶፕ ጭን ላይ መተው

ላፕቶፕ ይቀመጥ የሚባለው ከሬዲዮ ጋር ተያይዞ አይደለም። አውሮፕላኑ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ሁለት ኪሎ ብረት ይወረወራል፣ ሰው ራስ ላይ ያርፋል። መሬት ላይ ከወደቀ ደግሞ መውጫ ይዘጋል። ስልክ በእጅ መያዝ በአብዛኛው ይፈቀዳል። የቻርጀር ገመድም ንቀሉ፣ እግር ይጠልፋል። የደኅንነት መግለጫው ሲሰጥም ኢርፎኑን ከጆሯችሁ አውጡት።

ውጡ ሲባል ዕቃ ማንሣት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ከሌላ ትንሽ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ተቃጠለ። ትልቁ አውሮፕላን ላይ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ ወጡ። ሻንጣቸውን ትተው ነው የወጡት። ከላይ ያለውን መደርደሪያ የሚከፍት አንድ ሰው መተላለፊያውን ይዘጋል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። በስልክ እየቀረጸ የሚወርድም እንደዚያው ነው፣ ሁለቱም እጁ ነፃ መሆን አለበት።

እኔ አውሮፕላኑ ከመነሳቱና ከማረፉ በፊት ፓስፖርቴንና ስልኬን ዚፕ ያለው የጃኬት ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ላፕቶፑ፣ ካሜራው፣ ፓወር ባንኩ እዚያው ይቀራል።