ጆይስቲኩ ተገናኝቷል፣ ቃታው ግን አይጠነክርም፦ ገመድ አልባ ጆይስቲክን ከኮምፒውተር ጋር በሙሉ አቅሙ ማሠራት

ገመድ አልባ ጆይስቲካቸውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው «ተገናኝቷል» የሚለውን ጽሑፍ ያዩ ሰዎች፣ ጨዋታው ውስጥ ከገቡ በኋላ ንዝረቱ ሲጠፋባቸው ወይም ቃታው (በጠቋሚ ጣት የሚሳበው የላይኛው ቁልፍ) እንደ ተራ ቁልፍ ሲላላባቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ተበላሽቷል ብለው ይደመድማሉ። ቸርችል ጎዳና አጠገብ ባለችው የጥገና ክፍሌ «ይህ አይሠራም» እየተባሉ ከመጡልኝ ጆይስቲኮች የሚበዙት ጤነኞች ነበሩ። በዚህ ከተማ አዲስ ጆይስቲክ መግዛት ቀላል ወጪ ስላልሆነ፣ ማንም ሰው ደህናውን ዕቃ ጥሎ ሌላ ከመግዛቱ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ለይቶ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

ለመለየት መነሻው አንድ ነገር መረዳት ነው። በጆይስቲኩና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መንገድ እጅዎ የጫነውን ወደ ኮምፒውተሩ ያደርሳል፤ «ተገናኝቷል» የሚለው ቃል የሚመሰክረው ለዚህ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከኮምፒውተሩ ወደ ጆይስቲኩ ትእዛዝ የሚመለስበት ሲሆን፣ ተራው ንዝረት፣ የመብራቱ ቀለምና የቃታው መጠንከር በዚህ ያልፋሉ። ሦስተኛው የድምፅ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው መኖሩን የማያውቀውም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር የወጣው ዱዋልሴንስ በዩኤስቢ ገመድ ሲሰካ፣ ራሱን ለዊንዶውስ እንደ ጆይስቲክ ብቻ ሳይሆን አራት መስመር እንዳለው የድምፅ መሣሪያም አድርጎ ያስተዋውቃል። ሁለቱ መስመሮች ለድምፅ ማጉያውና ለጆሮ ማዳመጫው ሲሆኑ፣ የቀሩት ሁለቱ በግራና በቀኝ እጀታ ውስጥ ያሉትን አንቀጥቃጮች ያንቀሳቅሳሉ። የዝናብ ጠብታን ከእግር ኮቴ ለይቶ መዳፍ ላይ የሚያሳርፈው ረቂቅ ንዝረት፣ እንግዲህ፣ በገመድ ሲመጣ ድምፅ ሆኖ ነው የሚመጣው።

በእጅዎ ያለው የትኛው ጆይስቲክ እንደሆነም አስቀድመው ይለዩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ፣ ዱዋልሾክ 4፣ ተችፓድ (በጣት የሚነካ ሰሌዳ) እና የእጅን እንቅስቃሴ የሚያነብ ጋይሮ አለው፤ የሚጠነክር ቃታ ግን የለውም፤ ስለዚህ የሌለውን ነገር በመፈለግ አይድከሙ። የተለመደው የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ደግሞ ጋይሮም ተችፓድም የለውም፤ ነገር ግን በቃታዎቹ ውስጥ የየራሳቸው ትንንሽ ነዛሪዎች አሉት።

ምልክት፦ በገመድ ሲሰካ ባትሪው ይሞላል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አላየም።

መንስኤው ገመዱ ነው። በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ ደግሞ መረጃ ያስተላልፋሉ። ከመንገድ ዳር በርካሽ ከሚሸጡት ገመዶች ብዙዎቹ የመረጃዎቹ ሽቦዎች የሏቸውም። አንዱን ቆርጬ ስከፍተው በወፍራሙ ላስቲክ ውስጥ ያገኘሁት ቀይና ጥቁር ሽቦ ብቻ ነበር፤ አረንጓዴውና ነጩ ጭራሽ አልነበሩም። መፈተሻው ቀላል ነው፦ በዚያው ገመድ ስልክዎን ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙ፤ ስልኩ ፋይል ማስተላለፍ ይፈልጉ እንደሆነ ካልጠየቀ ገመዱን ይቀይሩ። ዱዋልሴንስና አዲሶቹ የኤክስቦክስ ጆይስቲኮች የሚፈልጉት ታይፕ ሲ ሲሆን፣ ዱዋልሾክ 4 የሚወስደው ቀደም ሲል በስልኮች ላይ የነበረውን ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። ችግርዎ የብሉቱዝ ቢሆንም እንኳ በደህና ገመድ መጀመርን እመክራለሁ፤ በገመድ የሚሠራ ጆይስቲክ አካሉ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ ነውና።

ምልክት፦ በብሉቱዝ አይገኝም፣ ወይም ተገኝቶ በየደቂቃው ይቆራረጣል።

የማይገኝ ከሆነ ጆይስቲኩ ራሱን ለፍለጋ አላጋለጠም ማለት ነው። በዱዋልሴንስ ከተችፓዱ በስተግራ ያለችውን ክሪኤት ቁልፍና የፒኤስ ቁልፍን፣ በዱዋልሾክ 4 ደግሞ ሼርና ፒኤስን አንድ ላይ ተጭነው መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም እስኪል ድረስ አይልቀቁ። ይህም ካልሆነ በጀርባው ባለችው ጠባብ ቀዳዳ መርፌ ወይም የወረቀት መያዣ ሽቦ አስገብተው ለአምስት ሰከንድ ያህል በመጫን ወደ መነሻው ይመልሱትና እንደገና ይሞክሩ። የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ከሆነ መጀመሪያ ብሉቱዝ ያለው መሆኑን ይመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 በፊት የተሠሩት የላቸውም። መለያው የኤክስቦክስ አርማ ባለበት ቁልፍ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲኩ ከላይኛው የትከሻ ቁልፎች ጋር አንድ አካል ከሆነ ብሉቱዝ የለውም፣ ከፊት ለፊቱ ገጽ ጋር አንድ አካል ከሆነ ግን አለው። ብሉቱዝ የሌለው በገመድ ወይም ማይክሮሶፍት ለዚሁ ባዘጋጀው የኤክስቦክስ ዋየርለስ አዳፕተር ካልሆነ አይገናኝም።

መቆራረጥ የተለየ ጉዳይ ነው። ብሉቱዝ የሚጠቀመው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ሲሆን፣ በዚሁ ሞገድ ላይ የቤትዎ ዋይፋይም፣ የጎረቤቶችዎ ሁሉ ዋይፋይም አለ። ካዛንቺስ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው የስልኩን ዋይፋይ ዝርዝር ቢከፍት መጨናነቁን በዓይኑ ያያል። ራውተርዎ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ኮምፒውተሩን ወደዚያ ያዛውሩት። የዩኤስቢ 3 ሶኬቶችና በእነሱ ላይ የተሰኩ ሃርድ ዲስኮችም በዚሁ ሞገድ ላይ የሚረብሽ ጫጫታ ስለሚያወጡ፣ የብሉቱዝ ዶንግልዎን (በዩኤስቢ የሚሰካውን ትንሽ የብሉቱዝ መሣሪያ) ከኮምፒውተሩ ጀርባ አውጥተው በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ጠረጴዛው ላይ ቢያኖሩት ለውጡን ወዲያው ያስተውላሉ። ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ በሁለት የብሉቱዝ መሣሪያዎች በትክክል ስለማይሠራ፣ አብሮ የተሠራ ብሉቱዝ ባለው ኮምፒውተር ላይ ዶንግል ከጨመሩ አንዱን የኮምፒውተሩ መሣሪያዎች በሚዘረዘሩበት የዊንዶውስ ገጽ፣ በዲቫይስ ማኔጀር፣ ያጥፉ። እዚያው የብሉቱዙን ባሕርያት ከፍተው፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ።

በዴስክቶፕ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የኮምፒውተሩን ጀርባ ይመልከቱ። አንድ ወጣት ጆይስቲኩ ከአንድ ክንድ ርቀት በላይ እንደማይሠራ ነግሮኝ ኮምፒውተሩን ይዞልኝ መጣ። ከማዘርቦርዱ ጀርባ ሁለት ወርቃማ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ የአንቴና መሰኪያዎች ባዶአቸውን ቆመው ነበር። አንቴናዎቹ ቤቱ፣ በማዘርቦርዱ ካርቶን ውስጥ ከነላስቲካቸው ተቀምጠው ነበር። በጣት አጥብቆ ካሰራቸው በኋላ ከክፍሉ ማዶ ሆኖ ተጫወተ።

ምልክት፦ ዊንዶውስ ያውቀዋል፣ ጨዋታው ግን አያውቀውም፤ ወይም በስክሪኑ ላይ የሚታዩት የኤክስቦክስ ፊደላት ናቸው።

አብዛኛው የኮምፒውተር ጨዋታ የሚያዳምጠው፣ ማይክሮሶፍት በኤክስቦክስ 360 ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ያመጣውን ኤክስኢንፑት የተባለ ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ ሁለት ዘንጎችን፣ ቁልፎችን፣ ሁለት ቃታዎችንና ሁለት ተራ ነዛሪዎችን እንጂ ጋይሮን፣ ተችፓድንና የሚጠነክር ቃታን የሚጠራበት ቃል የለውም። ስለዚህ በመካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫና ማስጀመሪያ ፕሮግራም ለሚጫወት ሰው፣ በውስጡ ያለው ስቲም ኢንፑት በቂ ነው፤ የፕሌይስቴሽኑን ጆይስቲክ ለጨዋታው የኤክስቦክስ አድርጎ ያቀርብለታል፣ ጋይሮውንም እንደ ማውስ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ከስቲም ውጭ ብዙዎች የሚጠቀሙት ዲኤስ4ዊንዶውስ የተባለውን ፕሮግራም ነው።

አስተርጓሚው ሲኖር አንዳንድ ጊዜ አንድ ጊዜ የተጫነ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ በምርጫ ገጽ ላይ አንድ ሲወርዱ ሁለት ይወርዳል። ጨዋታው እውነተኛውንም የተተረጎመውንም ጆይስቲክ በአንድ ላይ ስላየ ነው። ከሁለት አስተርጓሚዎች አንዱን ይዝጉ፤ ካልበቃ ሂድሃይድ (HidHide) በተባለው ትንሽ ፕሮግራም እውነተኛውን ከጨዋታው ይሰውሩት።

ምልክት፦ ሁሉም ይሠራል፣ ቃታው ግን አይጠነክርም፣ ረቂቁ ንዝረትም የለም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ። በመጀመሪያ ጨዋታው ራሱ ለኮምፒውተር በተዘጋጀው ቅጂው ዱዋልሴንስን የሚያውቅ መሆን አለበት፤ ይህንን በስቲም የመሸጫ ገጹ ላይ ማረጋገጥ ይቻላል። ጨዋታው የማያውቀውን ነገር ምንም ዓይነት ቅንብር አይፈጥረውም። ሁለተኛ፣ አስተርጓሚው መውጣት አለበት። ከላይ ያመሰገንኩት ስቲም ኢንፑት እዚህ ላይ እንቅፋት ይሆናል፤ ዱዋልሴንሱን ኤክስቦክስ አስመስሎ ስለሚያቀርበው ጨዋታው የቃታውን ትእዛዝ የሚልክለት አካል ያጣል። በስቲም የጨዋታውን ስም በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎም ኮንትሮለር የሚለውን ይክፈቱና ለዚያ ጨዋታ ብቻ ስቲም ኢንፑትን ያጥፉ። ዲኤስ4ዊንዶውስንም ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። ሦስተኛ፣ በገመድ ይጫወቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ለኮምፒውተር የወጣው የስፓይደር ማን ጨዋታ እነዚህን ሁለት ባሕርያት የሚሰጠው በዩኤስቢ ገመድ ሲሰካ ነው፤ ሌሎችም ብዙዎች እንዲሁ ናቸው። የቃታው ትእዛዝ በብሉቱዝ ሊሄድ የሚችል ቢሆንም የድምፅ መሣሪያው ግን በብሉቱዝ ለዊንዶውስ አይታይም። ገመድ አልባ ዕቃ ገዝቶ በገመድ መጫወት እንደሚያስከፋ አውቃለሁ፤ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ደህና ገመድ ሐዘኑን ያቀለዋል።

እነዚህን ሁሉ ያሟላ አንድ የስድስት ኪሎ ተማሪ መጥቶ «ጋሼ፣ ቃታው ይሠራል፤ ንዝረቱ ግን ሞቷል» አለኝ። ሁለተኛው መንገድ ክፍት፣ ሦስተኛው ዝግ ነው ማለት ነው። የድምፅ ቅንብሩን ስከፍት «ዋየርለስ ኮንትሮለር» የሚል ቃል ያለበት የድምፅ መሣሪያ ጠፍቶ አገኘሁት። ስጠይቀው ነገሩ ተገለጠ፦ ጆይስቲኩን በገመድ በሰካ ቁጥር ዊንዶውስ የጨዋታውን ድምፅ ሁሉ ወደ ጆይስቲኩ ስለሚወስድበትና ስፒከሩ ስለሚዘጋበት፣ ከአንድ ወር በፊት መሣሪያውን ራሱ አጥፍቶት ነበር። በድምፅ ጉዳይ ትክክል አደረገ፤ ሳያውቅ ግን የንዝረቱን በር ዘጋ። መሣሪያውን መልሼ አበራሁት፣ ዋናው የድምፅ መውጫ ግን ስፒከሩ እንዲሆን መረጥኩ፤ ገመዱንም ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ጨዋታውን ሲከፍት ገጸ ባሕሪው ከሣር ወደ ጠጠር ተሻገረ፤ ልጁም ስክሪኑን ትቶ የገዛ መዳፎቹን ማየት ጀመረ። እርስዎም ስፒከርዎ ዝም ካለ የድምፅ መውጫውን ይምረጡ እንጂ የጆይስቲኩን የድምፅ መሣሪያ ከቶ አያጥፉ።

በኤክስቦክስ ጆይስቲክ በኩል ያለው አጭር ነው። የቃታዎቹ ነዛሪዎች በኤክስኢንፑት ብቻ በሚሠራ ጨዋታ አይነቃነቁም፤ ይህ ጉድለት አይደለም። በብሉቱዝ ሲገናኝ ከሥሩ የሚሰካው የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ አይሰጥም፤ ማዳመጫውን ከኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩ ወይም ዋየርለስ አዳፕተሩን ይጠቀሙ።

ከላይ ያለው ሁሉ ተሞክሮ ጆይስቲኩ አሁንም ካስቸገረ የውስጥ ሶፍትዌሩን ያድሱ። ለዱዋልሴንስ የፕሌይስቴሽን አክሰሰሪስ፣ ለኤክስቦክስ ደግሞ የኤክስቦክስ አክሰሰሪስ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ይገኛል፤ ሥራው በገመድ ይከናወናል። እድሳት በመካከል ሲቋረጥ ጆይስቲኩን ሊያሰናክለው ስለሚችል፣ መብራት የሚሄድበትና የሚመጣበት ሰሞን ከሆነ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ላይ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ዴስክቶፕ ብቻ ካለዎት ከዩፒኤስ ጋር ያድርጉት። ፕሮግራሙ በደህና ገመድ የተሰካውን ዱዋልሴንስ ጭራሽ ካላወቀው ግን በእጅዎ ያለው ተመሳስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላልና ወደ ሻጩ ይመለሱ።

ዱዋልሴንሱን ወደ ፕሌይስቴሽን 5 ሲመልሱት በገመድ አልባ አልገናኝም ቢልዎት አይደንግጡ። ከኮምፒውተሩ ጋር የተዋወቀ ጆይስቲክ የቀድሞ ቤቱን ሊረሳ ይችላል፤ ከኮንሶሉ ጋር በገመድ አገናኝተው የፒኤስን ቁልፍ አንድ ጊዜ ይጫኑ፣ ከዚያም ገመዱን መንቀል ይችላሉ።