እናት አባታችን መርሳት ሲያበዙ በደም ምርመራው ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ወሎ ውስጥ ትልቅ ሰው መርሳት ሲጀምር ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው "በቃ ጃጅተዋል" ነው፣ ደሴም ወልድያም ገጠሩም ያው ነው። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። እርጅና ብቻውን የልጅን ስም አያስረሳም። እውነት ነው፣ አብዛኛው የመርሳት በሽታ እንደ አልዛይመር ያለው ነው፣ በደም ተገኝቶ በህክምና የሚስተካከለው ጥቂቱ ነው፣ ግን ያ ጥቂቱ የናንተ እናት ላይ ሊሆን ይችላልኮ! ስለዚህ ቫይታሚን ቢ12፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ስራ የሚታይበት ቲኤስኤች፣ የደም ሴሎች ቆጠራው ሲቢሲ፣ ስኳር፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ኩላሊትና ጉበት ይታይ፣ እንደሁኔታው ኤችአይቪና ቂጥኝም።

ሁለተኛው ከምርመራ በፊት የነርቭ መርፌ መወጋት። ይሄ በጣም ያበሳጨኛል። "እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል" ሲሉ ፋርማሲ ይኬድና ቢ1፣ ቢ6ና ቢ12 የተቀላቀለበት መርፌ ይገዛል፣ ከተወጉ በኋላ ሐኪሙ ቢ12 ሲያዝ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ከዛ በኋላ እጥረት ነበረባቸው አልነበረባቸውም ማን ይንገረን? መጀመሪያ ደሙ ይሰጥ፣ መርፌው ይደርሳል። ተወግተው ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩ። ቢ12 ላነሰው ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻውን መስጠትም አደጋ አለው፣ የደም ማነሱን ያስተካክለውና የነርቩ ጉዳት ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

"ደማቸው ሙሉ ነው ተብሏል" ብሎ መተውም ስህተት ነው። ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ ቢ12 ሊያንስ ይችላል። ብዙ ጊዜ ቢ12 ከ200 ፒኮግራም በሚሊሊትር በታች ከሆነ እጥረት ይባላል፣ ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ስለሆነ ሐኪም ምልክቱን አይቶ ይወስናል። ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለአመታት የወሰዱ ሰዎች በተለይ ይታዩ። ጾም ነው ያመጣው ብላችሁም አትደምድሙ፣ ጉበት ለአመታት የሚበቃ ያስቀምጣል፣ እድሜ ሲገፋ ግን ጨጓራው ራሱ ቢ12ን ከምግቡ ማውጣት ያቅተዋል። ሁሉም ላብራቶሪ ቢ12 ስለማይሰራ ሰው ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

መድሃኒት መደበቅ ደግሞ አለ። ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ ጎረቤት የሰጠውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ለእንቅልፍ የሚወሰደው ዲያዜፓም፣ አሚትሪፕቲሊን፣ የሚያስተኙ የአለርጂ ኪኒኖች ሽማግሌን ያደናግራሉ። የደም ግፊቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሶዲየም ሊያወርድ ይችላል፣ ሶዲየም ሲወርድ ሰው ይፈዛል፣ ይዘባርቃል።

እንቅርት ስለሌለ ታይሮይድ አይታይም ማለትም ትክክል አይደለም። ሐይቅ ከተማ የማውቃቸው አንድ እናት ነበሩ፣ ቡና እያፈሉ ጀበናውን እንደያዙ "ይሄ ቶና ነው በረካ?" ብለው ይጠይቁ ጀመር፣ እኩለ ቀን ላይ ጋቢ ደርበው ይበርዳቸዋል፣ ድምፃቸው ጎርንኗል፣ ሆዳቸው ይደርቃል። ሰው ሁሉ ሐዘን ነው አለ። አንገታቸው ላይ ምንም የለም፣ ቲኤስኤች ሲታይ ግን በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ታይሮይዱ ደክሞ ነበር ማለት ነው። ጠበሉም ዱአውም ይቀጥል፣ ከደም ምርመራው ጋር አይጣላም።

በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የተደናገረን ሰው "ሰኞ ላብራቶሪ እንወስዳቸዋለን" ማለት ግን በፍፁም አይሆንም! ይሄ ድንገተኛ ነው፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ስኳር መውረድ፣ ከቆላ ለመጣ ሰው ወባም ሊሆን ይችላል፣ ያኔውኑ ሆስፒታል። ከሳምንታት በፊት ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመተው ከነበረም ተናገሩ፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀም ደም በደም ምርመራ አይታይም፣ ሲቲ ስካን ይፈልጋል።

የመጨረሻው ህክምና ከተጀመረ በኋላ ያለው ነው። የታይሮይዱን ሊቮታይሮክሲን ከቡና ጋር መዋጥ እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ ቡና ደግሞ መድሃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጥ፣ አቦሉ ከአንድ ሰአት በኋላ ይፍላ፣ የብረትና የካልሲየም ኪኒን ካለ በ4 ሰአት ልዩነት ይራቅ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ቲኤስኤች ይደገም፣ የኪኒኑን መጠን ሐኪሙ የሚያስተካክለው በዛ ውጤት ነው።