ካንትን ይዘን ሆስፒታል ስንገባ

አጎቴ ከገጠር ለምርመራ መጥቶ ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸው ሲታወቅ፣ ቤተዘመዱ ኮሪደር ላይ ተሰብስቦ አንድ ነገር ወሰነ። ለእሱ እንዳይነገረው። ይደነግጣል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ ጭራሽ ሕክምናውንም እምቢ ሊል ይችላል ተባለ። የበኩር ልጁ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ የተማርከው ይሄንኑ አይደል? በል ንገረና፤ ልክ ነን ወይስ አይደለንም?"

ፍልስፍና መማሬ ዘመድ መሀል ለቁም ነገር የተፈለገው ያን ቀን ብቻ ነው። ዕድሉንም አበላሸሁት። የፍልስፍናን ንድፈ ሐሳብ ኑሮ ላይ ስናውል ከምንፈጽማቸው፣ ከታች ከዘረዘርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ጉዳዩን ሳያጣሩ ወደ ንድፈ ሐሳቡ መሮጥ

ወዲያው ለሁለት ተከፈልን። ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት የሆነው የአክስቴ ልጅ የጀርመኑን ፈላስፋ ጠቅሶ "ካንት መዋሸት ፈጽሞ አይፈቀድም ይላል" አለ። እኔ ደግሞ ልራቀቅ ብዬ ድርጊትን በሚያስከትለው ደስታና ሥቃይ የሚለካውን የዩቲሊቴሪያኒዝምን ሚዛን አወጣሁ። የእሱ ድንጋጤ በዚህ፣ የቤተሰቡ ሰላም በዚያ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ሰውየው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ግን ማንም አልጠየቀም። ከግድግዳው ማዶ ተጋድሞ ነበር፤ አሥር እርምጃ አይሞላም።

"ደም ማነስ ነው" ተባለለት። ጠያቂውም ያንን ሰምቶ ለደም ማነስ ይሆናል ያለውን ይዞ መጣ። የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ቆስጣ፣ ሙዝ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ፖታሲየም የበዛበትን ምግብ መቀነስ አለበት። ሰውነቱ ትርፉን ማስወጣት ስለማይችል ይጠራቀምና የልብን ምት ያውካል። ቀይ ሥሩም፣ ቆስጣውም፣ ሙዙም ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው። በእኔ ሚዛን ላይ ድንጋጤ ተመዝኗል፤ ቀይ ሥር ግን አልተመዘነም። ነርሷ ጠርሙሱን አይታ ስትጮህብን ነው የገባን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ወንበር ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

"አባቴ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ሁሉንም ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለልጆችዎ?"

አጎቴ ጥቂት አሰበ። "ልጄ፣ ላሜ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ልሽጣት ወይስ ትቆየኝ? እሱን ንገረኝ። ሌላውን ለልጆቼ ንገራቸው።"

ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት እንደሚያስፈልገው፣ ስለዚህም ከከተማ ርቆ መኖር እንደማይችል ነገረው።

"እንግዲያው ትሸጥ" አለ አጎቴ። በቃ።

"ይነገረው" እና "አይነገረው" ብለን ስንሟገት እሱ የሚፈልገው ከሁለቱም ውጪ ነበር። ያን ቀን የተማርኩት፣ አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው ንድፈ ሐሳቡ ገና ሳይነሳ መሆኑን ነው። ጉዳዩን ለራሳችን ስንተርከው። ተጣሞ የተተረከን ታሪክ ለካንት ብንሰጠው ለዩቲሊቴሪያኒዝሙ አባት ለቤንታም፣ የሚመለሰው ያው ጠማማ ነው።

ፈላስፋውን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ማሰር

የአክስቴ ልጅ ያመጣው ካንት ለፈተና የተሸመደደ ካንት ነው። በእርግጥ ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ ወዳጅህን ፍለጋ በርህን ቢያንኳኳ እንኳ መዋሸት የለብህም ብሏል። እስከ ዛሬም ይወቀስበታል። ግን አለመዋሸትና የሚያውቁትን ሁሉ መዘርገፍ ለእሱም አንድ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1766 ለፈላስፋው ሞሰስ ሜንደልሰን በጻፈው ደብዳቤ፣ የሚያምንባቸውን ብዙ ነገሮች ለመናገር ድፍረቱ እንደማይኖረው፣ የማያምንበትን ግን መቼም እንደማይናገር ገልጾ ነበር። ስለዚህ ካንትን ይዞም "ምን ያህል ልንገርዎ?" ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። የማይቻለው "ደም ማነስ ነው" ማለቱ ነው።

ዩቲሊቴሪያኒዝምም "ብዙኃኑ የወደደው ልክ ነው" እየተባለ ሲጠቀስ እሰማለሁ። አይደለም። ሂሳቡ የእያንዳንዱን ሰው ደስታና ሥቃይ ይቆጥራል እንጂ እጅ አያስወጣም። በአንድ ሰው ላይ የሚደርስ ከባድ ሥቃይ የብዙ ሰዎችን ቀላል ምቾት ሊበልጥ ይችላል። ኮሪደር ላይ ያለነው በሙሉ "አይነገረው" ብንል እንኳ፣ በዚህ ሂሳብ ያ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

የባቡሩን እንቆቅልሽ እንደ ኑሮ መቁጠር

ታውቁታላችሁ። ፍሬን የተበጠሰ ባቡር አምስት ሰው ሊጨፈልቅ ነው። አቅጣጫውን ብታስቀይሩት ግን ሌላ ሐዲድ ላይ ያለ አንድ ሰው ይሞታል። የእንግሊዟ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት ይህን ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1967 ያመጣችው ስለ ውርጃ በሚደረገው ክርክር ውስጥ፣ ሆን ብለን የምናደርሰው ጉዳት እንደሚደርስ እያወቅን ግን ዓላማችን ሳይሆን ከምናደርሰው የሚለይበትን ለመመርመር ነበር። የላቦራቶሪ ዕቃ ነው። ለዚያ ሥራ ጥሩ ነው።

ኑሮ ላይ ሲወርድ ግን ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛ፣ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ ቀድሞ የሚነግረን የለም። ሁለተኛው ይብሳል፤ ሐዲዱን ማን እንደዘረጋው አያስጠይቅም።

የአሜሪካዋን ከተማ የሲያትልን ታሪክ እዩት። እ.ኤ.አ. በ1960 ሐኪሙ ቤልዲንግ ስክሪብነር ክንድ ላይ የሚተከል የቴፍሎን ቱቦ ሠራ። በዚህም ኩላሊት የከዳውን ሰው ደም እየደጋገሙ በማሽን ማጠብና ሰውየውን ለዓመታት ማኖር ተቻለ። ችግሩ ማሽኑ ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ መሆኑ ነው። ሐኪሞቹ በሕክምና መስፈርት ካጣሩ በኋላ የመጨረሻው ምርጫ ስማቸው ለማይገለጽ ሰባት ሰዎች ተሰጠ። ጠበቃ፣ ፓስተር፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የመንግሥት ሹም፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪ እና ቀዶ ሐኪም። ከሚያዩአቸው ነገሮች መካከል ትዳር፣ የልጆች ብዛት፣ ገቢ፣ ትምህርት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ሳይቀር ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ1962 ላይፍ መጽሔት ጉዳዩን ሲያወጣው አገር ተንጫጫ።

እነዚህ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። "ለማኅበረሰቡ የሚበጀው የቱ ነው?" ብለው ነበር የጠየቁት፤ ጥያቄው ከመጽሐፍ የወጣ ይመስላል። በእጃቸው የያዙት መለኪያ ግን የራሳቸው ኑሮ ሆነ። ያገባ፣ ሥራ ያለው፣ እሑድ ጠዋት የማይቀር ሰው ሚዛን ደፋ። ብቻውን የሚኖር፣ ሥራ የሚቀያይር ሰው ቀለለ። "ጥቅም" የሚለው ቃል "እኛን የሚመስል" ማለት ሆኖ አረፈው።

እነሱ "ማን ይኑር?" ብለው ሲጨነቁ "ማሽኑ ለምን አነሰ?" የሚለው ጥያቄ ከጠረጴዛቸው ውጪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ኮንግረስ ለአብዛኞቹ የኩላሊት ታማሚዎች መንግሥት የሚከፍልበትን ሕግ ሲያወጣ፣ ሌሎች ሐዲዶችም መዘርጋት ይችሉ እንደነበር ታየ። ማሽኑን ያሳነሰው ገንዘብ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አልነበረም።

በሲያትሎች መፍረድ ለእኔ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶ የተለጠፈበት ሚኒባስ በሞንታርቦ ለኩላሊት እጥበት እርዳታ ሲጠይቅ ያላየ የለም። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ያቀፈች ወጣት ከሆነች እጄ ኪሴ ውስጥ ቶሎ ይገባል። ሽበታም ሽማግሌ ከሆነ "ቆይ ስመለስ" እላለሁ። ስመለስ ሚኒባሱ ሄዷል። ከሰባቱ ጋር ስምንተኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ ቃለ ጉባዔ አልያዝኩም እንጂ።

መጀመሪያ ወስኖ ጠበቃ መቅጠር

ይሄኛው አጭር ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። እውነቱን መናገር ሲያስፈራን "ውጤቱን እናስብ" እንላለን። ሌላው ሰው ሲዋሸን ደግሞ ካንት ትዝ ይለናል። እኔ ራሴን የምይዝበት አንድ ዘዴ አለችኝ። ይሄ ንድፈ ሐሳብ በቅርቡ የማልወደው መልስ ሰጥቶኝ ያውቃል? ካልሰጠኝ እየተጠቀምኩበት ሳይሆን እንደ ጠበቃ እያስጮህኩት ነው።

"ተወስኗል፣ አለቀ" ማለት

ፈላስፋው ዊልያም ዴቪድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1930 ያስተማረው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ኑሮ ኑሮ ይሸታል። ግዴታዎች ይጋጫሉ፤ ከባዱ ያሸንፋል። የተሸነፈው ግን አይሰረዝም። ወዳጅህን ቀጥረህ መንገድ ላይ አደጋ የደረሰበት ሰው ብታገኝና እሱን ስትረዳ ብትቀር፣ ልክ ሠርተሃል። ቢሆንም ደውለህ ይቅርታ ትላለህ። "ልክ ስለነበርኩ ምንም የለብኝም" የሚል ሰው ሂሳቡን ጥሩ አድርጎ ሠርቶ ይሆናል፤ አብሮት ቡና መጠጣት ግን ይከብዳል።

እኛም ዘንድ እስከ ዛሬ አንዳንዱ ዘመድ "ያን ጊዜ ባይነገረው ጥሩ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ተኝቶ አደረ" ይላል። ይሁን ብዬ ብቀበል እንኳ፣ ዓይኑን እያየች "ደም ማነስ ነው" ያለችው ልጁ ናት።

አሁን አጎቴ እሷ ቤት ነው፤ ለእጥበትም እሷው ትወስደዋለች። ምሳ ይዛለት ስትገባ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ያያል። "ይሄ ለደም ማነስ ይሆናል?" ይላታል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሷ ግን እስካሁን አልሳቀችም።